ፍላሹ ድንገት ሲነቀል፦ የዳታቤዝ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ለአንድ ፋርማሲ የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም በፓይተን ሠርቻለሁ። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት (መረጃውን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ) ነው፤ የሚቀመጠው ፍላሽ ላይ ሲሆን ባለቤቱ ማታ ይዞት ይሄዳል። በቅርቡ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ፍላሹ ተነቀለ። መልሰን ብንሰካውም «ዲስክ አይኦ ኤረር» እያለ አልሠራ አለ። ከዳታቤዙ ጎን ስሙ በ«ጆርናል» የሚያልቅ ፋይል አለ፤ ልሰርዘው? ለወደፊቱስ ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እባክዎ አይሰርዙት፤ ዳታዎን የሚያድነው እሱ ነው። ኤስኪውላይት በተለመደው አሠራሩ አንድን ገጽ (የዳታቤዙን ፋይል አንድ ቁራጭ) ከመለወጡ በፊት የቀድሞውን ይዘት ጆርናሉ ላይ ይጽፋል፣ ዲስክ ላይ መድረሱን ያረጋግጣል፣ ዋናውን ፋይል የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ሲያልቅ ጆርናሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ ጆርናሉ ተርፎ ከተገኘ አንድ ለውጥ መሐል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ዳታቤዙ እንደገና ሲከፈት ከጆርናሉ አንብቦ በከፊል የተጻፈውን ወደነበረበት ይመልሳል። ጆርናሉን ከሰረዙ፣ ዋናውን ፋይል ብቻ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ኮፒ ካደረጉ ወይም የዳታቤዙን ስም ከቀየሩ ግን ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ፋይል ይተርፍዎታል። «ፍላሹ አበላሸው» የሚባለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከነቀላው በኋላ በሰው እጅ የመጣ ነው። «ዋል» በሚባለው፣ ለውጦችን መጀመሪያ በተለየ ፋይል በሚጽፈው ስልት የሚሠሩ ከሆነም ስሙ በ«ዋል» የሚያልቀውን ፋይል አይንኩ፤ የቅርብ ጊዜ ምዝገባዎች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን የሚያደርጉት ይህን ነው። ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። ፍላሹ ተመልሶ ተሰክቶም ስህተቱ የቀጠለው ፕሮግራሙ የያዘው የተቋረጠውን የድሮ ግንኙነት ስለሆነ ነው፤ ያ ግንኙነት በመሰካት ነፍስ አይዘራም። ቀጥሎ በዳታቤዙ ስም የሚጀምሩትን ፋይሎች ሁሉ አንድ ላይ ወደ ኮምፒውተሩ ዲስክ ኮፒ ያድርጉ። ይህን የሚያደርጉት ዳታቤዙን ከመክፈትዎ፣ ዊንዶውስም «ላስተካክል?» ሲል እሺ ከማለትዎ በፊት ነው። ከዚያ ኮፒውን ይክፈቱና የፋይሉን ጤንነት የሚመረምረውን «ፕራግማ ኢንተግሪቲ ቼክ» የሚለውን ትዕዛዝ ይስጡ። «ኦኬ» ካለ ጨርሰዋል። ቅሬታው ስለ ኢንዴክስ (ፍለጋን ስለሚያፋጥነው ማውጫ) ብቻ ከሆነ «ሪኢንዴክስ» ይበቃል። ፋይሉ ተበላሽቷል ካለ ግን ከ3.29 ጀምሮ ባለው የኤስኪውላይት የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ ውስጥ «ሪከቨር» የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ የሚነበበውን ሁሉ አውጥቶ አዲስ ዳታቤዝ ይገነባል። ቀደም ሲል የተሰረዙ ረድፎች አብረው ሊመለሱ ስለሚችሉ ውጤቱን ከደረሰኞች ጋር ሳያመሳክሩ ሥራ ላይ አያውሉት።

ለወደፊቱ፣ ኮዱ ውስጥ መጀመሪያ የሚታረመው አከፋፈቱ ነው። ኤስኪውላይት የተባለውን ፋይል ካላገኘ ዝም ብሎ ባዶ ዳታቤዝ ይፈጥራል። «ኢ» በሚባለው ድራይቭ ቦታ ሌላ ፍላሽ ቢሰካ ፕሮግራሙ እዚያ ላይ አዲስ ፋይል ይከፍትና ባለቤቱ «መድኃኒቱ ሁሉ ጠፋ» ብሎ ይደነግጣል። የዩአርአይ አድራሻ («file:» ብሎ የሚጀምር የፋይል አድራሻ) ተጠቅመው ሁነታውን «ማንበብና መጻፍ» ብቻ ካደረጉት፣ ፋይሉ ከሌለ ስህተት ቁጥር 14 (ፋይሉን መክፈት አልተቻለም) ይሰጣል እንጂ አይፈጥርም። ከዚህም ጋር ዳታቤዙ ውስጥ አንድ የዘፈቀደ መለያ ቁጥር ያስቀምጡና በተከፈተ ቁጥር ያመሳክሩ። ድራይቩ ተመልሶ ሲሰካ ፊደሉ ሊቀየር ስለሚችል በፊደሉ አይተማመኑ።

ስህተት ቁጥር 10 (ያዩት «ዲስክ አይኦ ኤረር») ሲመጣ በዚያው ግንኙነት ደጋግመው አይሞክሩ። ግንኙነቱን ይዝጉ፣ ሠራተኛው የሞላውን ቅጽ ሜሞሪ ላይ ያቆዩ፣ «ፍላሹ ተነቅሏል፤ የመጨረሻው ምዝገባ አልተቀመጠም» ብለው በግልጽ ይንገሩ፣ ፍላሹ ሲመለስ አዲስ ግንኙነት ይክፈቱ። ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጸና፣ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የለውጦች ጥቅል) የሚጀመረው ቅጹ ሲከፈት ሳይሆን «አስቀምጥ» ሲጫን ይሁን። ፍላሽ ላይ መጻፍ ሲዘገይባቸው «ሲንክሮነስ» የሚባለውን፣ የተጻፈው ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን ቅንብር የሚያጠፉ አሉ፤ ከዚህ የከፋ ምክር የለም። ለፍጥነት ከሆነ 500 ረድፎችን በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፉ። «ዋል»ንም ለፍላሽ አንመክርም፤ አጋዥ ፋይሉ በቀጥታ ከሜሞሪ ጋር ስለሚያያዝ ነቀላው ስህተት በማሳየት ፈንታ ፕሮግራሙን ራሱን ሊዘጋው ይችላል።

እኛ ብንጠየቅ ግን የሚሠራበትን ዳታቤዝ ፍላሽ ላይ አናስቀምጥም። ኮምፒውተሩ ላይ ይኑር፤ ማታ «ቫክዩም ኢንቱ» በሚለው ትዕዛዝ (ከ3.27 ጀምሮ አለ) በጊዜያዊ ስም ፍላሹ ላይ ቅጂ ይጻፉ፣ ቅጂው ጤናማ መሆኑን ሲያረጋግጡ ስሙን ይቀይሩ። ባለቤቱ ቤቱ ሆኖ የሚያየው ብቻ ከሆነ ይህ ይበቃዋል። እሱም የሚመዘግብ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ዳታቤዞች ይፈጠራሉ፤ ያኔ መፍትሔው ሰርቨር ነው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 10 ላይ ፍላሽ ከመንቀል በፊት «ሴፍሊ ሪሙቭ» ማለት አያስፈልግም ይባላል። ፕሮግራሜስ ፍላሹ ሊነቀል መሆኑን ቀድሞ ማወቅ ይችላል?

መልስ፦ ከ1809 እትም ጀምሮ ዊንዶውስ የሚመርጠው «ኩዊክ ሪሙቫል» የሚባለውን ፖሊሲ ነው፤ ለፍላሹ የሚጻፈውን ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) ላይ አያከማችም። ኮፒ ተደርጎ ላለቀ ፎቶ ይህ በቂ ነው። ክፍት ዳታቤዝ ግን ያለቀ ፋይል አይደለም፤ መሐል ላይ ያለን ትራንዛክሽን ፖሊሲው አይጨርሰውም። የፍላሹ የራሱ ቺፕም ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ ማወቅን በተመለከተ፣ ተጠቃሚው በሥርዓቱ «አስወግድ» ሲል ዊንዶውስ ለተመዘገበ ፕሮግራም የጥያቄ መልእክት ይልካል። ያኔ ዳታቤዙን ዘግተው እሺ ይበሉ፤ ካልዘጉ ተጠቃሚው «በሥራ ላይ ነው» የሚል ማሳሰቢያ ያያል። ፍላሹ በድንገት ሲነቀል ግን ጥያቄው አይመጣም። የሚመጣው መሄዱን የሚናገረው መልእክት ብቻ ነው፣ እሱም ከሆነ በኋላ።

ጥያቄ፦ ፍላሹን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ባደርገው ዳታቤዜ ይተርፋል?

መልስ፦ ኤንቲኤፍኤስ ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት ሲሆን የራሱን መዋቅር፣ ማለትም የፋይሎችን ስምና ቦታ የሚጠብቅ ጆርናል አለው። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ይዘት ግን አይጠብቅም። ኤክስፋትና ፋት32 የሚባሉት ሌሎች ፎርማቶች ይህም የላቸውም፤ ፋት32 ላይ በዚያ ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት አይበልጥም። ፍላሹ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ ይሻላል፤ የዳታቤዙን ጆርናል ግን አይተካም።