«መቁጠሪያ» ወይስ «ማስያ»?

ጥያቄ፦ ልጄ አባከስ (በዘንግ ላይ በተሰኩ ዶቃዎች ሒሳብ የሚሠራበትን መሣሪያ) ይማራል። ለአያቱ «በመቁጠሪያ ሒሳብ ይማራል» ብላቸው «በዚህ ዕድሜው መነኮሰ እንዴ?» አሉኝ። ትክክለኛው ስም ምንድን ነው? «ማስያ» ነው ወይስ «ማስሊያ»?

መልስ፦ አያቱ አልተሳሳቱም። «መቁጠሪያ» ብቻውን ሲነገር ሰው የሚያስበው የጸሎቱን ነው፤ «ቀን» ሲቀድመው ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን። ቦታው ተይዟል።

ከዚያም በላይ በአባከስ የሚሠራው ሥራ ቆጠራ አይደለም። የጃፓኖቹን አባከስ፣ ሶሮባንን፣ እንይ። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ከአግዳሚው በላይ አንድ ዶቃ አለ፤ ዋጋው 5 ነው። ከአግዳሚው በታች አራት አሉ፤ እያንዳንዳቸው 1 ናቸው። 7 ለመያዝ የላይኛው ዝቅ፣ ከታችኞቹ ሁለቱ ከፍ ይላሉ። 8 ደምር ቢባል በዚያ ዘንግ ላይ በቂ ዶቃ የለም። ልጁ ሁለቱን ዶቃዎች ወደ ታች ይመልስና ከግራው ዘንግ አንድ ከፍ ያደርጋል፤ 2 ቀንሶ 10 ጨመረ ማለት ነው። 15 ሆነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ያለበት ቦታ የለም፤ አሰላ እንጂ አልቆጠረም። እ.ኤ.አ. በ1846 በግሪክ ሳላሚስ ደሴት የተገኘው፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝመው የእብነ በረድ ሰሌዳም አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ለዚሁ ሥራ የዋለ ነው፤ በላዩ የሚቀመጠውን ጠጠር ዋጋ የሚወስነው ያረፈበት መስመር ነበር።

ለጥንቶቹ የደቡብ አሜሪካ ኢንካዎች ኪፑ «መቁጠሪያ» ቢባል ግን አልከራከርም። የሕዝብና የግብር ቁጥር በቋጠሮ የሚያዝበት ገመድ ነበር። (ቋጥሮ መቁጠር! ድምፁ ስለገጠመልኝ ነው እንጂ የሥርወ ቃል ክርክር አልከፍትም።)

ስለዚህ በጽሑፍ «አባከስ» ይበሉ፤ ለማያውቀው አንባቢ «የዶቃ ማስያ» ብለው ይፍቱለት። ለአያቱ «በዶቃ ማስላት ይማራል» ይበቃል።

ቅርጹን በተመለከተ፣ የመሣሪያ ስም ሲመሠረት መጨረሻ ላይ ያለው «ል» ወደ «ይ» ይለወጣል። ከመሙላት «መሙያ»፣ ከመክፈል «መክፈያ»፣ ከመጣል «መጣያ» እንላለን፤ ከማስላትም «ማስያ»። «ማስሊያ» ብለው የሚጽፉ አሉ፣ ትርጉሙም አይጠፋም። እኔ ግን «የቆሻሻ መጣሊያ» የሚል ሰው እስካላገኘሁ ድረስ አልጽፈውም።