ዓድዋ ላይ ካሸነፍን ከመረብ ማዶ ያለው አገር ለምን ቀረ?

አዳማ ላይ 12ኛ ክፍል ታሪክ የሚያስተምሩት እኅታችን የጠየቁት ይህን ነው፦ «ተማሪዎቼ ዓድዋ ላይ ካሸነፍን ኤርትራ ለምን በጣሊያን እጅ ቀረች እያሉ ያፋጥጡኛል። የትልልቅ ጦርነቶችን ውጤት በምን መንገድ ላስረዳቸው?»

መምህርት፣ ልጆቹ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሡት፤ ከዚሁ ይጀምሩ። ማን እንዳሸነፈ ከታወቀ በኋላ ሦስት ነገር ይጠየቃል። ተኩሱ ሲቆም ጦሩ የት ነበር? ለውሉ እነማን ተቀመጡ? የተፈረመውን የሚያስፈጽም ጉልበት የማን ነበር? (የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስጠቀም «በእኛ» እላለሁ፤ የቀረው የፈረንጅ ነው።)

ዓድዋን በእነዚህ ይመዝኑት። ውጊያው በአንድ ቀን አለቀ፤ ስንቁ ግን ከዚያ በፊት ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። አገሩ ከክፉ ቀን ገና አላገገመም፤ በሬው በበሽታ ካለቀ ጥቂት ዓመታት ቢሆኑ ነው። ትግራይ ያን ሁሉ ሠራዊት ለወራት ቀልባለች። በማዶ የጣሊያኑ ጄኔራል ባልዲሴራ ተጨማሪ ጦር እያሰባሰበ ነው፤ ምጽዋ ደግሞ በባሕር ስንቅና ጥይት ይገባላታል። ምኒልክ መረብን ሳይሻገሩ የተመለሱበትን ምክንያት እዚህ ውስጥ ያገኙታል። ጥቅምት 1889 በእኛ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሻረ፣ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አጸና፤ ወሰኑን ግን ለጊዜው በመረብ፣ በበለሳና በሙና መስመር ላይ ተወው። በ1900 ሌላ ውል መስመሩን አጸደቀው። ጣሊያን ለምርኮኞቹ ወጪ 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። ሮም ላይ የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ መንግሥት በቀናት ውስጥ ወደቀ፤ በ1897 እንግሊዝና ፈረንሳይ አዲስ አበባ መጥተው ተዋዋሉ። ስለዚህ ለተማሪው መልሱ፦ ድሉ ነጻነትን አስገኘ፣ ወሰኑ ግን ጦሩ በቆመበት ቀረ።

ይህን ከያዙ በኋላ ወደ አውሮፓ ይሻገሩ። ከሁሉ የሚያስተምረው የሦስት ካሳዎች ንጽጽር ነው። በ1815 ናፖሊዮን ሲሸነፍ ፈረንሳይ ላይ 700 ሚሊዮን ፍራንክ ተጣለ፤ የአሸናፊዎቹ ጦርም አገሯ ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ በተከፈተው የቪየና ጉባኤ ግን የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታሌይራን ተቀምጦ ተደራድሯል፣ ጦሩም በ1818 ወጣላት። በ1871 ፈረንሳይን ያሸነፈችው የጀርመኗ ፕሩሲያ 5 ቢሊዮን ፍራንክ ጠየቀች፣ አልዛስንና የሎሬንን ከፊል ወሰደች። ገንዘቡ እስኪከፈል የጀርመን ወታደር ፈረንሳይ ውስጥ ይቆያል ተባለ፤ ፈረንሳይም ከቀጠሮው ቀድማ በ1873 ጨረሰች። መያዣ ያለው ዕዳ ይከፈላል፤ ቂሙ ግን አብሮ አልተከፈለም።

በ1919 የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት በዘጋው የቬርሳይ ውል ላይ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጥያቄ ነው የተበላሸው። ጀርመን ድርድሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ የተዘጋጀ ጽሑፍ ተሰጥቷት ፈረመች። ሩሲያ የለችም። የአሜሪካ ሴኔት ደግሞ ውሉን አላጸደቀም። የጀርመን ጦር ከ100,000 እንዳይበልጥ ተጻፈ፤ ውሎ አድሮ ያንን የሚያስጠብቅ ጠፋ። በ1921 የተወሰነው ካሳ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ነው ሲባል ተማሪ ይደነግጣል፤ ከዚህ ውስጥ 82 ቢሊዮኑ ይከፈላል ተብሎ የማይጠበቅ፣ የአሸናፊዎቹን ሕዝብ ለማስደሰት የተጻፈ ቁጥር መሆኑን ይንገሯቸው።

በፈተና ወረቀት ላይ በብዛት የሚመጣው ስህተት «ቬርሳይ ሂትለርን አመጣ» የሚለው ነው። በመካከሉ ያለውን ዘመን ይዘለዋል። በግንቦት 1928 ምርጫ የናዚ ፓርቲ ያገኘው ድምፅ 2.6 በመቶ ነበር፤ በሐምሌ 1932 ግን 37.3 በመቶ። ውሉ ያው ነው፤ በመሐል የገባው በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀትና ሥራ አጥነቱ ነው። ቬርሳይ ማገዶ ሆነ ቢሉ እስማማለሁ፣ ብቻውን ምክንያት ነው ካሉ ግን ነጥብ ይቀንሱ።

ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በአጭሩ ልለፈው፦ ጀርመንን ለሁለት የከፈለው መስመር አሸናፊዎቹ ተከፋፍለው ከያዙት ቀጠና የወጣ ነው፤ ነገሩን የዘጋው ውልም የተፈረመው በ1990 ነው። ኮርያ ላይ ከ1953 ጀምሮ ያለው የተኩስ አቁም ብቻ ነው።

ለአዳማ ልጆች ግን የሚጨበጥ ማስረጃ ቅርባቸው አለ። በ1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው ውል ጣሊያን ቅኝ ግዛቶቿን ተወች፤ ለኢትዮጵያም 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። በ1952 በእኛ የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የተሠራው በጣሊያን ካሳ ነው። ያው ውል በአንቀጽ 37 የተዘረፉ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ ይመለሱ ይላል፤ የአክሱም ሐውልት የመጣው በ2005 ነው። የኤርትራን ዕጣ አራቱ ኃያላን (አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት) ሊስማሙበት ስላልቻሉ ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሄደ፤ ጠቅላላ ጉባኤው በታኅሣሥ 1950 ፌዴሬሽን ብሎ ወሰነ። ክፍሉን ወደ ቆቃ ከወሰዱ ውሉን በአንድ ገጽ አሳጥረው ያባዙላቸው፣ አንቀጹን እያነበቡ ግድቡን ይዩት።

አንድ የሥራ ነገር፦ ዘመን መቁጠሪያው ብዙ ያስጥላል። ዓድዋ በእኛ የካቲት 1888 ስለሆነ 8 ይደመራል፤ ውሉ ጥቅምት 1889 ስለሆነ 7። ሁለቱም 1896 ይሆናሉ። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ድርድሩ ከአንድ ዓመት በላይ የፈጀ ይመስለዋል፤ በመካከላቸው ያለው ግን ስምንት ወር እንኳ አይሞላም።