የጎደሉት ቁጥሮች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት፣ "ጋሼ፣ ፎቶ ከተነሳ በኋላ አሮጌ የሙዚቃ ኖታ ወረቀት ምን ያደርጋል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወጣት ሳለሁ አውሮፓ ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። አንዲት አሮጊት የሟች ባለቤታቸውን ወረቀቶች በሻንጣ ይዘው መጡ። ሰውየው ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ባሮክ የሚባለውን የጥንት አውሮፓ ሙዚቃ በእጃቸው ሲገለብጡ ኖረዋል። እኔ ቆንጆ ቆንጆውን መረጥኩና የቀረውን መለስኩላቸው። በየወረቀቱ ጥግ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ነበር። አይቼዋለሁ፤ ንቄ አለፍኩት። ሻንጣውን መልሼ በገመድ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ አመስግነውኝ ሄዱ።

የባሮክ ዘመኑን ጣሊያናዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ የቪቫልዲን፣ ወረቀቶች ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በሰሜን ጣሊያን አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሕንፃውን ለማደስ አሮጌ ጥራዞች ሊሸጥ አሰበ። የቱሪኑ ፕሮፌሰር አልቤርቶ ጄንቲሊ ሲያያቸው የቪቫልዲ የእጅ ጽሑፎች አገኘባቸው። ለመግዣ ግን ገንዘብ የለም። ሮቤርቶ ፎአ የሚባል ሰው በሕፃንነቱ ለሞተው ልጁ ለማውሮ መታሰቢያ ብሎ ገዝቶ ለቱሪን ቤተ መጻሕፍት ሰጠ።

ጄንቲሊ ግን በዚያ አላበቃም። ጥራዞቹን ሲመረምር ቁጥራቸው እየዘለለ ስለነበር ስብስቡ ለሁለት የተከፈለ መሆኑ ገባው። ሌላው ግማሽ ጄኖቫ ከተማ፣ በዱራዞ ቤተሰብ እጅ ተገኘ። እሱንም በ1930 ፊሊፖ ጆርዳኖ ገዛው። እሱም ልጁ ሬንዞ ሞቶበት ነበር። ሁለቱ ስብስቦች ዛሬም በልጆቹ ስም ይጠራሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ጄንቲሊ ራሱ አይሁዳዊ ስለነበር የ1938ቱ የጣሊያን ፋሺስቶች ፀረ አይሁድ የዘር ሕግ ከሥራው አስወጣው።

የዛሬ ልጆች ፎቶ ማንሳት ታውቃላችሁ። ከማን፣ ከየት እንዳገኛችሁት ግን አትጽፉም። ይህ ያናድደኛል። ምንም አትጣሉ ልላችሁ ነበር፤ ግን መደርደሪያ አይበቃም፣ መምረጥ ግድ ነው። ስትመርጡ ግን ቅደም ተከተሉን መዝግቡ። የመለሳችሁትንም ጻፉ።

ከዓመታት በኋላ ሴትዮዋን ፈልጌ ሄድኩ። አርፈዋል፤ ቤቱም ተሸጧል። እኔ ያስቀረኋቸው ላይ 3፣ 4፣ 9፣ 17 የሚል አለ። ከ5 እስከ 8 ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አስባለሁ።