«ሥጋዬን ምን ሊያደርጉት ነው?» ላሉት አባት ልጅ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ባጭሩ ያልሽው ይሄ ነው። አባትሽ ከፕሮስቴታቸው፣ ወንዶች ፊኛቸው ሥር ካላቸው ዕጢ፣ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ተገኘ፣ ወረቀቱ 4+3=7 ይላል። አሁን ደግሞ አንድ ፓቶሎጂስት፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታ የሚለይ ሐኪም፣ የሴቶችን ካንሰርና የፕሮስቴት ካንሰርን ለሚያጠናበት ሥራ ናሙናውን ልጠቀም፣ ፈርሙልኝ አለ። አባትሽ «ሥጋዬን ምን ሊያደርጉት ነው?» ብለው አኮረፉ። አንቺም የሴትና የወንድ በሽታ ምን አገናኘው ብለሽ ተጠራጠርሽ። እግረ መንገድሽን የአባትሽ እህት በኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር እንደሞተች ጠቀስሽ። ይቺን ያዢያት፣ እመለስባታለሁ።

ከሥር የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩት። «ወስደው ይሸጡታል» ያለውን ሰውዬ እለፊው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ደሴ ፓቶሎጂ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ናሙና ስቀበልና ስቆርጥ የኖርኩ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ስለ መድኃኒት አትጠይቂኝ፣ ስለ ናሙናው ግን እችላለሁ።

መጀመሪያ አባትሽን አረጋጊያቸው። ከፕሮስቴት በመርፌ የሚወሰደው ሥጋ የክር ቁራጭ ያህል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 የሚሆኑ ክሮች ይወሰዳሉ። ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይቆያሉ፣ ውኃቸው በአልኮል ይወጣል፣ ከዚያ የቀለጠ ሰም ይገባባቸውና የክብሪት ቀፎ የማታክል ነገር ትሆናለች፤ ብሎክ እንላታለን። ከብሎኩ ላይ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የምትሆን ስስ ሽፋን ተልጣ መስታወት ላይ ትለጠፋለች፣ ትቀለማለች፣ ፓቶሎጂስቱ እሷን ያያል። ከፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ከእሳቸው ተቆርጦ የሆነ ቦታ የተቀመጠ ሥጋ የለም፣ ያለው ሁሉ ሰሙ ውስጥ ነው። ለጥናቱ ተብሎም ሌላ መርፌ አይወጉም። አንድ የኩታበር አባት «ልቅበረው ስጡኝ» ብለውን ብሎኩን አውጥቼ ሳሳያቸው ሳቁ። «ለዚችማ መቃብር ቆፋሪ አልጠራም» አሉኝ።

አሁን የሴትና የወንድ ነገር። ይሄ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም እኔም አለቃዬን በሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ይሄንኑ ጠይቄያቸዋለሁ። ቡና እየጠጣን ነበር። «እንጀራ አስበህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ፕሮስቴት ፈሳሽ የሚያመነጩ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉት። ተልጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን። ዶናልድ ግሊሰን የሚባል አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ዘዴ የሚያየው ይሄንን ነው፤ የአንዷን ሴል መልክ ሳይሆን የዓይኖቹን አደራደር። 3 የተባለው ካንሰር ዓይኖቹ ትንንሽ ቢሆኑም እያንዳንዱ ለብቻው ይለያል። 4 ላይ ዓይኖቹ ይጋጠማሉ፣ ይደፈናሉ፣ እርስ በርስ ይገባሉ። 5 ላይ ዓይን የሚባል የለም፣ ሊጡ ሳይቦካ እንደተጋገረ። የአባትሽ 4+3 ማለት የሚበዛው 4 ነው፣ ቀጥሎ ያለው 3 ነው ማለት ነው። 3+4 ቢሆንም ድምሩ 7 ነው፣ ግን አንድ አይደለም። በአሁኑ አሠራር 3+4 ምድብ 2 ነው፣ 4+3 ምድብ 3፣ ከ5 ምድቦች ማለት ነው። ስለዚህ ሰው «7 ነው» ሲልሽ የቱ ይቀድማል በይው።

የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰርስ? የተለመደው ዓይነት የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው። ዓይን የጠፋበት፣ ድፍን ያለው ክፍል ከ5 በመቶ ካልበለጠ ደረጃ 1፣ እስከ 50 በመቶ ደረጃ 2፣ ከዚያ ካለፈ 3። አንዱ በወንዱ ሆርሞን ይመገባል፣ ሌላው በአብዛኛው በሴቷ ሆርሞን፣ በኤስትሮጅን። ለፓቶሎጂስት እነዚህ ጎረቤቶች ናቸው። ፆታ ለይቶ የሚቀመጠው ዋርድ እንጂ ማይክሮስኮፕ አይደለም።

ሌላም የሚያገናኛቸው አለ፣ እዚህ ላይ ነው አክስትሽ የምትመጣው። ብራካ የሚባሉ ሁለት ዘረ-መሎች አሉ። የተበላሸ ቅጂ በዘር ሲወርድ በሴቶቹ ላይ የጡትና የኦቫሪ ካንሰርን፣ በወንዶቹ ላይ ደግሞ፣ በተለይ ሁለተኛው፣ የፕሮስቴት ካንሰርን ዕድል ከፍ ያደርጋል። አብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር ከዚህ የመጣ አይደለም፣ ስለዚህ አትደንግጪ። ግን አባትሽን የሚከታተለው ሐኪም እህታቸው በምን እንደሞተች ያውቃል? ወላሂ፣ አብዛኛው ቤተሰብ አይናገርም። የወንዱን ሐኪም ስለ ሴቷ ማን ይነግረዋል? ንገሪው፣ ዛሬውኑ።

ስለ ኦቫሪ ካነሳን አይቀር። እነዚህን ዘረ-መሎች የያዙ ሴቶች ካንሰር ሳይዛቸው በፊት ለጥንቃቄ ኦቫሪያቸውና ከኦቫሪ ወደ ማህፀን የሚወስዱት ቱቦዎቻቸው ይወጣሉ። ፓቶሎጂስቶች የወጣውን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየከተፉ ሲያዩ ገና የጀመረ ካንሰር ያገኙት ኦቫሪው ላይ ሳይሆን ቱቦው ጫፍ ላይ ነበር። ዛሬ ክፉ የሚባለው የኦቫሪ ካንሰር በአብዛኛው ከቱቦው እንደሚነሳ ይታመናል። ይሄ የታወቀው ከሴቶቹ የወጣ ናሙና በማየት ነው። የማህፀን በሩም እንደዚያው። ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን 16 እና 18 የተባሉትን የኤች ፒ ቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ያወጣቸው ከሕሙማን ከተወሰደ ናሙና ነው። ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉ የእነዚህ የሁለቱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸለመ። የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት እኛ አገር በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ሐይቅ ያለችው የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ተወጋች፣ ክንዴን አመመኝ ብላ ሁለት ቀን ቡና አላፈላም አለች።

አሁን የራሴን ልንገርሽ፣ ለምን ይሄን ሁሉ እንደምዘበዝብ እንዲገባሽ። የእናቴ እህት፣ የወረኢሉ ሰው፣ ካረጠች በኋላ ደም ታያት። ማህፀኗ በቀዶ ጥገና ወጣ። የት እንደሆነ ልተወው። ማህፀኑ በምን መጣልን መሰለሽ? በሃይላንድ። በዚያች ጠባብ አፍ ተገፍቶ ገብቷል። ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ስለዚህ በገባበት አልወጣም፣ ፕላስቲኩን በመቀስ ቀደድነው። ፎርማሊኑ ደግሞ ከታች ሁለት ጣት ነው። ቢያንስ የሥጋውን 10 እጥፍ መሆን ነበረበት። ከሁሉ የከፋው ማህፀኑ አልተሰነጠቀም ነበር። ፎርማሊን በሰዓት ወደ ውስጥ የሚገባው አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። ለሁለት ሳይሰነጠቅ ከተቀመጠ ውስጡ ፎርማሊን ሳይደርሰው ይበሰብሳል፣ ካንሰሩ ያለው ደግሞ ውስጥ ነው። ናሙናው ደሴ እስኪደርስ አንድ ቀን ተኩል ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ውሎ አድሯል። አለቃዬ ማይክሮስኮፑ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። «ካንሰር አለ፣ ደረጃውን ግን ልነግርህ አልችልም» አሉኝ። ዓይኖቹ ሟሙተው ነበር። አክስቴ የታከመችው በግምት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃዬ የማህፀንም የፕሮስቴትም ናሙና በምን ዕቃ እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት፣ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። ምርምር ስትይ ሰው የሚያስበው ትልቅ ማሽን ነው። እኔ ያየሁት ግን በአብዛኛው ይሄንን ነው፤ ብሎክ መቁጠር፣ ደብተር ማመሳከር፣ መብራት በሄደ ሌሊት የተበላሸውን ለይቶ ማውጣት።

ስለዚህ ፈርሙ ነው የምለው። ግን ዝም ብላችሁ አይደለም። እንዳልኩሽ የአባትሽ ናሙና ክር ነው፣ በተላጠ ቁጥር ያልቃል። ለጥናት ተልጦ ተልጦ አልቆ ነገ ለእሳቸው ሕክምና ተጨማሪ ምርመራ ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል? ይሄን ፓቶሎጂስቱን ፊት ለፊት ጠይቂው፦ «ለአባቴ የሚበቃ ታስቀራለህ ወይ?» በይው። ደህና ሰው ከሆነ በጥያቄው አይቀየምም፣ እንደውም ደስ ይለዋል። ስማቸው በቁጥር ይተካ እንደሆነ፣ ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶት እንደሆነ ጠይቂ፣ የፈቃድ ወረቀት አለው፣ ያሳይሽ። አንፈርምም ብትሉ ሕክምናቸው መጓደል የለበትም፣ ቅሬታ ቢገባቸውም በኋላ መተው ይችላሉ። ወረቀቱን ደግሞ አንቺ አትፈርሚላቸው። አባትሽ ራሳቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ተነቦላቸው በጣታቸውም ቢሆን እሳቸው ይፈርሙ። ያኮረፉትም መሰለኝ ሳይነገራቸው ልጆች ስለተንሾካሾኩ ነው።

አዲስ አበባ ሌላ ፓቶሎጂስት ይይልን ካላችሁም ብሎኩንና መስታወቶቹን ፈርማችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ወረቀቱን ብቻ ይዞ 400 ኪሎ ሜትር መሄድ ድካም ነው። ብሎኩን ሚኒባስ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ አታስመቺው፣ ሰም ነው፣ እጅ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው።

እና ውጤቱ ላይ ከክሮቹ ስንቱ ላይ ካንሰር እንደተገኘ፣ ከእያንዳንዱ ክር ስንት በመቶው እንደሆነ ተጽፎ ይሆናል። አልጻፍሽውም። ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልኝ፣ ስማቸውንና የካርድ ቁጥሩን በጣትሽ ሸፍነሽ። አላህ አፊያቸውን ይመልስላቸው።