አሥራ ሁለት ነኝ ያለችኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥነ ሕዝብ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ጅማ ቤቴ መጣ። ቡናው እስኪፈላ ወረቀቱን አገላበጥኩ። ዕድሜ የሰፈረበት ሠንጠረዥ ላይ ስደርስ ቆምኩ። 30፣ 35፣ 40 እና 45 ላይ ሰው ተከምሯል። 31 እና 39 ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሰው ዕድሜውን በግምት ሲያጠጋጋ እንዲህ ይሆናል። ምን ልታደርገው አስበሃል አልኩት።

«ጋሼ፣ ይሄማ በሶፍትዌር ይስተካከላል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ለመሆኑ የአንድ ሰው ዕድሜ አምስት ስድስት ዓመት ቢሳሳት ማን ይጎዳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ ነበረኝ። ግን አፌ ላይ ቀረ። ወሬ ቀየርኩና ሸኘሁት። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ገና ሥራውን ለምትጀምሩ ልጆች ነው።

ዘመኑ 1991 ነው። ለአንድ የቤተሰብ ጥናት እዚሁ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር መረጃ እሰበስብ ነበር። ዝናብ ሲጥል ነው የዋለው፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። በቀን ስምንት ቤት መጨረስ አለብኝ። ስድስተኛው ቤት ስገባ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። እማወራዋ ደግ ሴት ነበሩ። እርጥብ ካፖርቴን ተቀብለው ምድጃው አጠገብ ሰቀሉልኝ፣ ቡና ካልጠጣህ አትሄድም አሉኝ።

አንዲት ልጅ ረከቦት ተሸክማ ገባች። ረከቦቱ ከደረቷ ይሰፋል። ግራ እጇ ላይ ከአውራ ጣቷ ሥር ተነስቶ አንጓዋ ድረስ የሄደ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። በዚያው እጇ ጀበናውን አንስታ ስትቀዳ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ሥራውን ለምዳዋለች።

«ይቺስ?» አልኳቸው።

«ዘመዴ ናት። ከዳውሮ ነው የመጣችው።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

ሴትዮዋ ልጅቷን ዞር ብለው እንኳ አላዩዋትም። «አሥራ ስምንት በላት» አሉኝ።

እኔ ግን አይቻታለሁ። አሥራ ስምንት አይደለችም። ይህን ያወቅሁት በኋላ አይደለም፣ ያኔውኑ ነው። 18 ብዬ ጻፍኩ።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። መጠይቁ ላይ ከ7 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ነበሩ። ትማራለች? ስንተኛ ክፍል? ለምን አቋረጠች? በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለች? ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። 18 ሲሆን ግን ሁለቱም ገጾች ይዘለላሉ። ደክሞኛል፣ ሊመሽ ነው፣ ገጹን ገለጥ አድርጌ አለፍኩ።

ስወጣ ልጅቷ ውሻውን ልትይዝልኝ በር ድረስ ተከተለችኝ። የውሻውን አንገት እንደያዘች፣ ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ነኝ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። ሌላ ነገር አልተናገርኩም። መጠይቁ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነው። ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ሁለት ቤት ይቀረኝ ስለነበር ሄድኩ።

ማን ይጎዳል ላልከኝ መልሴ ይኸው ነው። ልጅቷ በወረቀት ላይ ከትምህርት ቤት ወጥታ ሥራ ፈላጊ ወጣት ሆነች። መንግሥት ሲያቅድ ሰውን የሚያየው በዕድሜ ነው። ክትባትና የሕፃናት ምግብ ሲታሰብ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ይቆጠራሉ። የመማሪያ ክፍልና መምህር በ7 እና በ14 መካከል ባሉት ልክ ይሰላል። የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው። የእናቶች ጤና ከ15 እስከ 49 ያሉትን ሴቶች ይመለከታል። የተሳሳተ ዕድሜ የያዘ ሰው ለእሱ ያልታሰበ ዕቅድ ውስጥ ይገባል። ለእሱ የታሰበው ደግሞ ሳያየው ያልፋል።

ሶፍትዌሩ 30 ላይ የተከመረውን ሰው ወደ 29 እና ወደ 31 መበተን ይችላል። ዊፕል የሚባለው መለኪያም ክምሩ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል፣ 100 ከሆነ ክምር የለም፣ 500 ከሆነ ሰው ሁሉ የተናገረው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ነው። ኮቺ ያለችውን ልጅ ግን የትኛውም ቀመር አያገኛትም። እንዲህ ያደረግሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በብዙ አገር ትልልቅ ጥናቶች ላይ መረጃ ሰብሳቢዎች ከ15 እስከ 49 ላሉ ሴቶች የሚቀርበውን ረጅም መጠይቅ ለመሸሽ የ15 ዓመቷን 14፣ የ49 ዓመቷን 50 አድርገው ሲጽፉ ተገኝተዋል። የብዙ ሰው ጥፋት መሆኑ የእኔን አላቀለለልኝም።

ዕድሜ መጠየቅ ከባድ ሥራ ነው፣ ይገባኛል። በዚያው ዘመን ማና ወረዳ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ መታወቂያቸው 55 ይላል። «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» አሉኝ። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ቢያንስ ስድስት ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ጣሊያን የገባው በ1928 ነው። እንግዲህ ሰውዬው ሰባ ደርሰዋል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት አብሬያቸው ተቀምጬ አሰላሁ፣ እሳቸውም በጣም ደስ አላቸው። ጡረታ በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ከ2003 አዋጅ ወዲህ ደግሞ የግል ድርጅት ተቀጣሪውን ይሸፍናል። ቡና ሲለቅም የኖረ ገበሬ ግን የለበትም። እንዲህ ያለው ሽማግሌ ስንት እንደሆነ ካልታወቀ ማን ያስብለታል? ለእሳቸው ጊዜ ነበረኝ። ለልጅቷ ለምን እንዳጣሁ ዛሬም አላውቅም።

የዛሬ ልጆች በጣም ጎበዞች ናችሁ። እኔ በካልኩሌተር ሳምንት የሚፈጅብኝን በአሥር ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ። ግን የሰው ቤት መግባት አትወዱም። ዳታ አውርዳችሁ ቤታችሁ ትቀመጣላችሁ። መስክ ውጡ፣ ጭቃ ርገጡ እላችኋለሁ። መልሼ ሳስበው ግን እኔም ጭቃውን ረግጫለሁ፣ ቤቷም ገብቻለሁ፣ ቡናዋንም ጠጥቻለሁ። መስክ መውጣት ብቻውን አልረዳትም።

የረዳው ሌላ ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጅማና አካባቢዋ ላይ የወጣቶች ጥናት ጀመሩ። የቤቱን ኃላፊ ጠይቀው አላቆሙም። ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ልጆች ራሳቸውን ለብቻ ጠየቁ። ምግብ ባነሰበት ቤት ሴቶቹ ልጆች ከወንዶቹ ይልቅ የምግብ እጦት እንደሚያገኛቸው ተናገሩ። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ማለት ነው። አባወራው ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር። ያንን ውጤት ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣችው ረከቦት የተሸከመችው ልጅ ናት።

የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይላል። በቆጠራው ዓመት የተወለደው ልጅ ዛሬ እናንተን ሆኗል። ቀጣዩ ቆጠራ እስኪመጣ የምትሠሯቸው ትንንሽ ጥናቶች ናቸው ክፍተቱን የሚሞሉት። ለዚህ ነው ባለቤቱን ራሱን ጠይቁ ብዬ የምለምናችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮቺ ሄጄ ነበር። የእንጨቱ በር በቆርቆሮ ተቀይሯል፣ ሌላ ቤተሰብ ገብቶበታል። ስለ ልጅቷ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ትናንት ለተማሪው ደወልኩለት። ቅጽህ ላይ ስለ እያንዳንዱ ሰው መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለ ወይ አልኩት። የለም አለኝ። ነገ ጠዋት ቅጹን ይዞ ይመጣል፣ አብረን እንጨምረዋለን።