የዓባይ «ይ» ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሰሞኑን ሠርግ ቤት ማሲንቆ መቺው ዓባይን እያነሣ ሲገጥም ክርክር ተነሣ። አንዱ «ዓባይ ማለት ውሸታም ማለት ነው፤ አፈራችንን ይዞ ስለሚከዳን ነው እንዲያ የተባለው» አለ። ሌላው «የለም፣ የወንዞች አባት ማለት ነው» አለ። ከዚያ ወሬው ሰፋ፦ ቅኔ ከቅኝ ግዛት ጋር ይዛመዳል ወይ? መጽሐፍ ቅዱስ የሚነቅፈው ዘፈን የትኛው ነው? ማሲንቆስ «የአዝማሪ ስንቅ» ስለሆነ ነው ወይ እንዲህ የተባለው? እያልን አመሸን። ቢያስረዱን።

መልስ፦ የጎጃም ሠርግ ቤት ከጠላው በላይ በክርክር ሲሞቅ ደስ ይላል። ከዓባይ እንጀምር፤ የሌሎቹም መፍቻ እዚያው አለ።

«ውሸታም» የሚለው አባይ በእርግጥ ያለ ቃል ነው። የመጣው «አበለ» (ዋሸ) ከሚለው ግስ ነው፤ «እብለት» የሚለው ስምም ወንድሙ ነው። አማርኛ የአድራጊን ስም ሲያበጅ የግሱን የመጨረሻ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ይለውጠዋል። በ«ለ» የሚያልቅ ግስ «ይ» ያወጣል፦ ገደለ፣ ገዳይ፤ በደለ፣ በዳይ፤ ከፈለ፣ ከፋይ፤ ነቀለ፣ ነቃይ። በ«ተ» የሚያልቀው «ች» ይሆናል (ከፈተ፣ ከፋች)፤ በ«ደ» የሚያልቀው «ጅ» (ወሰደ፣ ወሳጅ)፤ በ«ነ» የሚያልቀው «ኝ» (ለመነ፣ ለማኝ)። ስለዚህ አበለ፣ አባይ ሆነ። በዚህ ቃል ውስጥ ያለው «ይ» የተለወጠ «ለ» ነው ማለት ነው።

የወንዙ «ይ» ግን ከ«ለ» አልመጣም፤ ከሥሩ የነበረ ነው። ግሱ የግዕዙ «ዐበየ» (ትልቅ ሆነ፣ ላቀ) ነው፤ ፊደሎቹም ዐ፣ በ፣ የ ናቸው። ልጆቹን በየቀኑ እንጠራቸዋለን፦ ዐቢይ ጾም፣ ዕብየት፣ ራሱን ከፍ የሚያደርግ ሰው የሚወቀስበት ትዕቢትም ሳይቀር። ግዕዝ ቅጽሉን በጾታ ይለያል፤ ለወንድ ዐቢይ፣ ለሴት ዐባይ ይላል። ሐዲስ ለወንድ፣ ሐዳስ ለሴት፤ ጠቢብ ለወንድ፣ ጠባብ ለሴት እንደሚባለው ነው። «ሀገር ዐባይ» ካለ «ታላቂቱ ከተማ» ማለቱ ነው። የወንዛችን ስም ከዚህ ቅርጽ ጋር ልክ በልክ ይገጥማል፤ ለመግጠም የሚጎድለውም የሚተርፈውም ፊደል የለም።

ሁለቱ ቃላት ለምን እንደሚምታቱ ግልጽ ነው። አማርኛ የዐይኑን (ዐ) እና የአልፋውን (አ) ድምፅ መለየት ከተወ ቆይቷል፤ ጽሕፈቱ ብቻ ነው ያቆያቸው። ስለዚህ ወንዙን በ«ዓ» ወይም በ«ዐ»፣ ውሸታሙን ደግሞ በልማድ በ«አ» መጻፍ ሥሩን ለዓይን ያስቀራል። አሁን በስልክ ሲጻፍ ሁሉም «አባይ» ሆኖ እያለቀ ነው፤ ለመግባባት አይጎዳም፣ ለሥር ፍለጋ ግን ዱካውን ያጠፋል።

«የወንዞች አባት» የሚለውም የሚወድቀው በዚሁ ነው። «አብ» እና «አባት» በአልፋው አ ይጻፋሉ፤ ሥራቸው ከዐበየ ጋር አይገናኝም። «አባ» ብለን ብንነሣ ደግሞ መጨረሻው ላይ የተረፈውን «ይ» ምን እናደርገዋለን? ለቃል ሥር የሚሰጥ ማብራሪያ አንድ ፊደል እንኳ ያለ ምክንያት ከተረፈው መጠርጠር ይገባዋል።

በሰከላ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርደውን ወንዝ የአገሬው ሰው ምን ይለዋል? ግልገል ዓባይ። ግልገል የበግና የፍየል ልጅ ነው። ከጣና ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ፣ ጢስ ዓባይን ዘሎ፣ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እየዞረ የሚሄደው ግን ዓባይ ብቻ ነው። ትንሹን በመጠኑ የጠራ ሕዝብ ትልቁንም በመጠኑ ቢጠራ አይገርምም። (ሊቃውንቱ ዓባይን ግዮን የሚሉት ከኦሪት ዘፍጥረት ነው። «የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ የሚከብብ» የሚለውን የጎጃም ሰው ሲያነብ ካርታውን በዓይነ ሕሊናው እንደሚያይ አያጠራጥርም።)

ታዲያ ማሲንቆ መቺው ተሳስቷል? በጭራሽ! እሱ የቃል ሥር አላስተማረም፤ ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም ያለው ቃል፣ ነው የተጠቀመው። ለማሳያ ያህል ይህችን እንግጠም፦

ሰው ሁሉ ሲሸሸው ከሩቅ እየፈራ፣
እሷ ዓባይን አምና ጎጆዋን ልትሠራ!

ሰሙ የወንዝ ዳር ጎጆ ነው፤ ጎርፍ ይወስደዋል። ወርቁ ውሸታም አምና ትዳር ልትይዝ የተነሣች ልጅ ናት። ኅብረ ቃሉ «ዓባይ» ነው፤ «ጎጆ» ደግሞ በሁለቱም በኩል ስለሚሠራ ያግዘዋል። እንዲህ ያለ ግጥም ሲጻፍ ቃሉ በሰሙ ፊደል፣ ማለትም በወንዙ ዓ፣ ይጻፋል፤ በ«አ» ከጻፉት ወርቁን አስቀድመው አወጡት ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው የግጥሙን ጨዋታ ሰው እንደ መዝገበ ቃላት ሲወስደው ነው። አፈር መሸከሙን ያየ ገበሬ «አባይ ነው» ቢል ቅሬታውን መናገሩ እንጂ የስሙን ታሪክ መተረኩ አይደለም።

ሰምና ወርቅ ካነሣን አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው ወርቅ በሰም የተለበጠ ይመስለዋል። የአንጥረኛው አሠራር ግን ሌላ ነው። ቅርጹን መጀመሪያ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጥና መፍሰሻ ቀዳዳ ይተውለታል፤ ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል፤ ሲበርድ ሸክላው ይሰበራል። ጭቃው ሳይደርቅ እሳት ከነካው ይሰነጠቃል፤ ሰሙ ተጠርጎ ካልወጣ ወርቁ ጎደሎ ይሆናል። በጭራሽ የማይቀረው ነገር ቢኖር ወርቁ የሰሙን ቅርጽ መያዙ ነው። ስለዚህ በግጥምም ሰሙ ብቻውን ሙሉ ሐሳብ መሆን አለበት። ዛሬ ከሚገጠሙት ብዙዎቹ የሚያነክሱት ወርቁን አስበው ሰሙን ሳያበጁ ስለሚነሡ ነው፤ የላይኛው ንባብ ትርጉም አይሰጥም፣ ሰሚው ደግሞ ጥልቅ መስሎት ዝም ይላል። በቅኔ ቤት ያለው አከፋፈልም ከዚህ የጠበቀ ነው፦ አንዱ ቃል ለሁለት ትርጉም ሲውል ኅብር ይሉታል፤ ሰምና ወርቅ የሚሉት ምሳሌውና የተመሰለለት ነገር ጎን ለጎን ተሰናድተው ሲነገሩ ነው። ሕዝቡ ሁሉንም «ሰምና ወርቅ» ማለቱ ቋንቋ የሄደበት መንገድ ስለሆነ አልሟገትም።

ወደ ቅኔና ቅኝ ግዛት እንሂድ። አዎ፣ ዘመዳሞች ናቸው፤ እዚህ ላይ የሠርግ ቤቱ ተከራካሪ አሸንፏል።

ሥሩ የግዕዙ «ቀነየ» ነው፤ ገዛ፣ አስገበረ ማለት ነው። ተደራጊው «ተቀንየ» ተገዛ፣ አገለገለ ይሆናል። መዝሙረ ዳዊት 2፥11 «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ይላል፤ «ለእግዚአብሔር በፍርሃት ተገዙ» ማለት ነው። «ግጥም ግጠሙ» ብሎ የሚተረጉመው የለም። ቅኔ ማለት እንግዲህ በመጀመሪያ መገዛት፣ አገልግሎት ነበር። ለፈጣሪ የሚቀርበው አገልግሎት ምስጋና፣ ምስጋናውም በየዕለቱ አዲስ ድርሰት ስለሆነ ስሙ ወደ ድርሰቱ ተዛወረ። የቀድሞው ትርጉም ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ላይ አልወረደም፦ ደብተራው የሚቆምበት የውጭኛው ክፍል ቅኔ ማሕሌት ነው። «ቅኔ ማለት ምስጢር ማለት ነው» የሚሉ አሉ፤ ምስጢር የቅኔ ጠባይ እንጂ የቃሉ ትርጉም አይደለም።

ከቀነየ ወደ ተቀኘ እንዴት ተደረሰ? አማርኛ «ነ»ና «የ» ሲገናኙበት «ኘ» ያደርጋቸዋል። ይህ ግምት እንዳይመስል ሌላ ቦታም እንፈትነው፦ የግዕዙ ተመነየ በአማርኛ ተመኘ ነው፤ ሰኑይ (ሁለተኛው ቀን) ሰኞ ሆኗል። አንድ የድምፅ ለውጥ በሦስት በአራት ቃል ከተደገመ ይታመናል። በአንድ ቃል ብቻ ከታየ ግን እኛ ያመጣነው ሊሆን ይችላል። ተቀንየ ተቀኘ፣ ቅኑይ ቅኝ ያለው በዚህ መንገድ ነው። «ቅኝ ግዛት» ስንል ታዲያ በግዕዝም በአማርኛም «የተገዛ ግዛት» እያልን ነው፤ ለአንድ መከራ ሁለት ቃል።

የክራሩና የማሲንቆው «መቃኘት» ከዚሁ ቤት ነው፤ ክሩን ለሚፈለገው ድምፅ ማስገዛት ብለው ቢያስቡት አይርቅዎትም። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ስም ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ምንጭ የለውም። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ናቸው፤ አንቺ ሆዬ የዘፈን መነሻ ቃል ነው፤ ትዝታ ደግሞ ከ«ትዝ አለ» የወጣ ተራ ስም ነው። ጎጃሜው ትዝታ ሲጫወት የወሎ ቅኝት ተውሶ ነው የሚል ካለ ከስሙ የሚያገኘው ማስረጃ የለም።

ቅኔ ጎጃም ውስጥ ከሥሩ ይልቅ በቤቱ ይታወቃል። ዋሸራና ጎንጅ ከወሎው ዋድላ ጋር ሦስቱ የቅኔ ቤቶች ተብለው ሲጠሩ ኖረዋል። ተማሪው ከሁለት ቤቷ (ማለትም ከሁለት ስንኟ) ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። «ቆጠራ» የሚባለው ቤቱን እየለኩ ማዘጋጀቱ፣ «ዘረፋ» የሚባለው ደግሞ ሳይዘጋጁ እዚያው ማፍሰሱ ነው። «ቅኔ ዘረፈ» ሲባል የሰው ድርሰት ሰረቀ ብለው የሚስቁ የከተማ ልጆች ቢገጥሙዎት ይህን ይንገሯቸው፤ እንዲያውም የሌላ ሰው ቅኔ ማምጣት በቅኔ ቤት ትልቅ ነውር ነው።

ዘፈንን በተመለከተ ክርክሩ የተነሣው ቃሉ ትርጉም ስለለወጠ ነው። በግዕዝ ዘፈነ ማለት በእግር፣ በአካል ጨፈረ ነው፤ በድምፅ ለሚወጣው ዘመረና ሐለየ አሉ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የቀድሞውን ትርጉም ይዞ ቀርቷል። በማርቆስ 6፥22 የሄሮድያዳ ልጅ «ስትዘፍን» ሄሮድስን ደስ አሰኘችው ሲል ጨፈረች ማለቱ ነው፤ ግጥምና ዜማ አላወጣችም። በመክብብ 3፥4 «ለመዝፈንም ጊዜ አለው» የሚለውም መጨፈርን ነው። ገላትያ 5፥21 «ዘፋኝነት» ብሎ ከስካር ጎን ያስቀመጠው ስካር ያለበትን የጭፈራ ግብዣ ነው። በኋላ አማርኛው ቃሉን ከእግር ወደ ጉሮሮ አሻገረው፤ ዘፋኝ የሚያዜመው ሆነ፣ እግሩን ለሚያነሣው ደግሞ ጭፈራና እስክስታ ቀሩለት። ስለዚህ ጥቅሱን አንሥቶ ስለ ዛሬው ዘፈን የሚከራከር ሰው ማንኛውንም አቋም ቢይዝ፣ መጀመሪያ ጥቅሱ ውስጥ ያለው ቃል ስለ ምን እንደሚናገር ማወቅ ይኖርበታል። ፍርዱ የሃይማኖት መምህራን ነው።

አዝማሪ ራሱ ከ«ዘመረ» ቤት ነው፤ መዝሙር፣ ዝማሬ፣ ዘማሪ፣ መዘምር ሁሉ ወንድሞቹ ናቸው። ቃሉ ስድብ ሆኖ የኖረው ሥሩ ስለሚሰድብ አይደለም።

በመጨረሻ ማሲንቆ። ከ«ስንቅ» አይደለም። ስንቅ ሦስት ፊደል አለው፦ ሰ፣ ነ፣ ቀ። አማርኛ ከዚያ የመሣሪያ ስም ቢያወጣ «መሰነቂያ» ነበር የሚለው። የማሲንቆ እናት የግዕዙ መሰንቆ ናት፤ ግሱ «ሰንቀወ» (መሣሪያ መታ) አራት ፊደል ነው፤ አራተኛው «ወ» ነው መጨረሻው ላይ «ቆ» ሆኖ የቀረው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት «መሰንቆ» ሲነበብ አዝማሪው የሚይዘው ባለ አንድ ክር ይመስለናል። እዚያ ቃሉ የሚያመለክተው በጣት የሚደረደረውን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ነው። ዛሬ ማሲንቆ የምንለው ግን ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያለው፣ ሆዱ በቆዳ የተለበጠ፣ በደጋን የሚገዘገዝ ነው። ስለዚህ ዳዊት የደረደረውን በዓይነ ሕሊናዎ ለማየት ከፈለጉ ከአዝማሪው ይልቅ በገና የያዘውን ይመልከቱ።