ስለ ዓይንና ፊት ጠይቁኝ

ፊት ላይ የሚነበበው ስሜትና ዓይን የሚያይበት አቅጣጫ የተመልካቹን ፍጥነት እንዴት እንደሚቀይሩ የሚፈትሹ ሙከራዎችን አንብቤ አልጠግብም። ጠይቁኝ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ዞር ሲል አብረን የምንዞረው ለምንድነው?

መልስ፦ ሳናስበው ነው። ፍሪሰንና ኪንግስተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ስክሪን መሀል ላይ ፊት አሳዩ፤ ፎቶ እንኳ አይደለም፣ ልጅ የሳለው የሚመስል ክብ ነገር። ዓይኑ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያያል፣ ከዚያ በአንዱ ጎን ፊደል ብቅ ይላል፣ እንዳየህ ቁልፍ ትጫናለህ። ዓይኑ ፊደሉ የሚመጣበትን እንደማይጠቁም አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ሰዎቹ ግን ዓይኑ ባየበት በኩል ሲመጣ ፈጠን ብለው ተጫኑ።

ጥያቄ፦ በስንት?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ። ዓይንህን አንዴ ጨፍነህ እስክትገልጥ እንኳ ከ100 በላይ ይፈጃል። ለዚህ ነው ያንኑ ነገር መቶ ጊዜ የሚያስደጋግሙህ፣ አሰልቺ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እልኸኛ ነኝ፣ አልከተልም ብልስ?

መልስ፦ ሞክራ ወንድሜ! በ1999 ድራይቨርና ባልደረቦቹ ፊደሉ ዓይኑ ከሚያይበት በተቃራኒው ጎን የመምጣት ዕድሉ 4 እጥፍ እንደሆነ ለሰዎቹ ነገሯቸው። መጀመሪያ ላይ ያው ዓይኑን ተከተሉ።

ጥያቄ፦ ፊቱ የተቆጣ ከሆነስ?

መልስ፦ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። የተቆጣ ሰው አንተን እያየ ከሆነ ጉዳዩ አንተው ነህ። የፈራ ሰው ወደ ጎን ካየ ደግሞ እዚያ በኩል አንድ ነገር አለ። አዳምስና ክሌክ በ2003 ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ቁጣና ደስታ ቀጥ ብሎ በሚያይ ፊት ላይ፣ ፍርሃትና ሐዘን ደግሞ ወደ ጎን በሚያይ ፊት ላይ ቶሎ ተለዩ። ግን አትቸኩሉ። ቢንደማንና ባልደረቦቹ በ2008 ሲሞክሩት፣ ወደ ጎን ያየ ዓይን በጥቅሉ ሰዎቹን አዘገያቸው፣ ፍርሃትንም ጨምሮ። እኔን ብትጠይቁኝ ሐሳቡ ያሳምነኛል፣ ማስረጃው ግን ገና ይወዛወዛል።

ጥያቄ፦ ልጅ ሆኜ ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ ዓይን ዓይኑን ካየሁ «ምን ታፈጫለሽ!» እባል ነበር። እኛ ላይም ይሠራል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። የጠቀስኳቸው ሙከራዎች የተሠሩት በካናዳ፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ነው። አስተዳደግ አንገት ያስደፋል፣ እሱ እውነት ነው። ግን በ2002 ፋሮኒና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ከ2 እስከ 5 ቀን የሆናቸው አራስ ሕፃናት ቀጥ ብሎ የሚያያቸውን ፊት አስበልጠው ያያሉ። ደግሞ ስክሪን ላይ ያለ ፊት ብታፈጪበትም አይቀየምሽም።